የዓርብ ማህተም

ኢንስፔክተር ብዙወርቅ አቃቂ ካለው ኮሌጅ ስትደርስ ከረፋዱ አምስት ተኩል ሆኖ ነበር። ሬሳው ከመድረኩ ጀርባ በነጠላ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከበላዩ «የሙያ ማበልጸጊያ ዐውደ ጥናት፤ ለተማሪዎችና ለመምህራን» የሚል ባነር ተዘርግቷል። ባነሩ ላይ ሟቿ ዶክተር ናፍቆት፣ የማዕከሉ ኃላፊ፣ ጥርሷን አሳይታ ትስቃለች። ገና ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«እስካሁን ለምን አልተነሳችም?» አለች ብዙወርቅ።

«ሆስፒታሉ ደብዳቤ ይፈልጋል፤» አለ የጥበቃ ኃላፊው ቃልቤሳ። «ደብዳቤው ደግሞ ማህተም። ማህተም ያዥዋ ወይዘሮ ጠጄ ዛሬ የአክስታቸው ቀብር ላይ ናቸው። ማህተሙ ካዝና ውስጥ፣ የካዝናው ቁልፍ እሳቸው ቦርሳ ውስጥ።»

«ሌላ ቁልፍስ የለም?»

«ኧረ ወዲያ! ጠጄን አያውቋቸውም። እንኳን ለሌላው ለዲኑም አይሰጡም።»

ይህ አገር ሙት እንኳ ያለ ማህተም አያነሳም ብላ አጉረመረመች። ከዚያ ከራሷ ጣቢያ ደብዳቤ አስመጥታ ሬሳውን ላከች።

የሞቱ ምክንያት ብዙ አላደከመም። ለዶክተር ናፍቆት ለውዝ መርዟ ነው፤ በየስብሰባው ስለምትናገር የማያውቅ የለም። ጨጓራዋን ስለሚያማት ደግሞ ከፔርሙዝ አጥሚት ትጠጣለች። በአራት ሰዓቱ የሻይ እረፍት ሁለቴ ተጎነጨች፣ ጉሮሮዋን ያዘች፣ ወደቀች። የጤና መኮንኑ የፔርሙዙን ዝቃጭ አሽትቶ «የተፈጨ ለውዝ ነው» አለ። ለእንዲህ ያለ ቀን የምትይዘው የአለርጂ መርፌ ከቦርሳዋ ጠፍቶ፣ ቆይቶ ከረዳቷ ከሊዲያ መሳቢያ ተገኘ።

ስልኳ ጮኸ። ኮማንደር ማህሌት ነበረች፤ የፖሊስ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ፣ ከወር በፊት ደግሞ አለቃዋ የሆነች።

«ብዙዬ፣ መርፌው ከተገኘ ልጅቷን ይዘሻት ነይ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስጪኝ።»

«እስከ አሥራ አንድ። ከዚያ ትታሰራለች።»

ብዙወርቅ ለማህሌት ሹመት እስከ ዛሬ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላለቻትም። በሥራ ብዛት አይደለም፤ ቀንታ ነው። ስለዚህ ቅናትን ከሩቅ ታውቀዋለች፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ፔርሙዙ ከነበረበት ጠረጴዛ የተቀመጡት ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ሊዲያን ጠራቻት። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል።

«አጥሚቱን ማን አመጣው?»

«እኔ። ሁሌም እኔ ነኝ የማመጣላት።»

«ትወጃት ነበር?»

«ፕሮግራሙን ከሀ እስከ ፐ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባነሩ ላይ ግን ስሜ የለም። ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም። መርፌውን ግን አልነካሁም። መሳቢያዬ ቁልፍ የለውም፤ ማንም ይከፍተዋል።»

«ትናንት አብራችሁ ነበራችሁ?»

«እስከ ማታ። መቶ ሃያ ሰርተፍኬት ስትፈርም እጇ ዛለ። ማህተም ልናስመታ ስንሄድ ወይዘሮ ጠጄ ወጥተው ነበር። ‹ግድ የለም፣ ሰኞ ይመታና እናድላለን› አለችኝ። ካቢኔ ውስጥ ቆልፌዋለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ኢንስፔክተር፣ እናቴ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።»

ቀጥሎ ቢቂላ ገባ። ቂሊንጦ ካለ ፋብሪካ ተማሪ ሊቀጥር የመጣ የሰው ኃይል ኃላፊ ነው።

«ሁለት ዓመት እጮኛዬ ነበረች፤» አለ ሳይጠየቅ። «ቀለበቴን መለሰችልኝ። ዛሬ የሌላ ሰው ቀለበት አድርጋ ሳያት ደሜ ፈላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። ምን አደርጋለሁ?»

ሦስተኛው አቶ ቀናው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ ኮታቸው የማይጨማደድ ሰው። ናፍቆት የያዘችውን ወንበር እሳቸውም ተወዳድረውበት ነበር።

«እንደ ልጄ ነበረች፤» አሉ። «ተማሪዬ ናት እኮ። የመጀመሪያ ሲቪዋን ያረምኩላት እኔ ነኝ። ጎበዝ! ትሑት! እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም።»

ምስጋናው በዛ። ብዙወርቅ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሰውዬው ባነሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ፎቶውን አንዴም ቀና ብለው አላዩትም።

«ይልቅ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች አሉ፤» አሉ ቀናው። «ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። ሰርተፍኬታቸውን ላድላቸው?»

«ያድሉ፤» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ተሰለፉ። ብዙወርቅ በሩ አጠገብ ቆማ ከአንዷ ተማሪ፣ ከሚራክል፣ ሰርተፍኬቱን ተቀብላ አየችው። ወፍራም ወረቀት፣ ከታች የቀናው ፊርማ፣ «ቀናው አበራ፤ የማዕከሉ ተጠባባቂ ኃላፊ»። ጎኑ ላይ ሰማያዊ ክብ ማህተም ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ደግማ አየችው። ከዚያ ቃልቤሳን «በሩን ዝጋልኝ» አለችው።

ሦስቱን ከመድረኩ ፊት አስቀመጠች። ተማሪዎቹም ባሉበት ቆሙ።

«አቶ ቀናው፣ ይህን መቼ አሠሩት?»

«ዛሬ ነዋ። ሰው ሲሞት መተካት አለ።»

«ወረቀቱን ዛሬ ማተም ይቻላል። ፊርማም ይቻላል። ማህተሙንስ ማን መታልዎ?»

 ብዙወርቅ ወይዘሮ ጠጄ ጋ ደውላ ስልኩን ለሁሉም አሰማች።

«የአቶ ቀናውን ሰርተፍኬት መቼ መቱላቸው?»

«ሐሙስ ነዋ፣ ከምሳ በኋላ። ፊርማቸውን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ጽሑፉን ሳላነብ ወረቀቱን ደርድሬ መታሁላቸው። ምነው፣ ጥፋት አለው እንዴ?»

«የእርስዎ ጥፋት የለም።» ስልኩን ዘጋች። «ዛሬ ጠዋት ለሬሳ መላኪያ እንኳ ማህተም አጥተናል። ስለዚህ እነዚህ መቶ ሃያ ወረቀቶች ሐሙስ ተዘጋጅተዋል። ሐሙስ ማታ ዶክተር ናፍቆት በኃላፊነቷ ተቀምጣ የራሷን ስትፈርም ነበር። ኃላፊዋ በሕይወት፣ በሥራዋ ላይ እያለች ተጠባባቂ ከየት መጣ? ዛሬ ዓርብ ወንበሩ ባዶ እንደሚሆን ሐሙስ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ወክላኝ ነበር!» አሉ ቀናው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።

«ወክላዎት ቢሆን እጇ እስኪዝል ለምን ፈረመች? ቦርሳዋ የነበረው ከእርስዎ እግር ሥር ነው። አቶ ቢቂላ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፣ ሊዲያ ሻይ ታድል ነበር። መርፌውን ልጅቷ መሳቢያ ውስጥ የጨመሩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መቅናቷን ያውቃሉ። ኮትዎን ይስጡኝ።»

ቀናው ኪሳቸውን ጭምቅ አድርገው ያዙ። ቃልቤሳ እጃቸውን ሲያስለቅቃቸው የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ እጥፋቱ ውስጥ የተፈጨ ለውዝ ቀርቷል።

ያ ጨዋ ፊት ወዲያው ሌላ ሆነ። «እኔ ያስተማርኳት ልጅ!» ብለው ጮኹ። «የድጋፍ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ! በየተማሪው ግድግዳ የእሷ ስም ሊሰቀል፣ እኔ ወንበር ላመቻችላት? አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የእኔ ስም ቢሆን ምን ነበረበት?»

ከሞቷ በኋላ አንድ ሳምንት ቢታገሡ ወንበሩም ወረቀቱም የእሳቸው ይሆን ነበር። ግን ቅናት መቼ መጠበቅ ያውቃል? ሟቿ ሳትወድቅ ስማቸውን አሳተመ። ማህተም የሌለው ሰርተፍኬት ደግሞ ለኮሌጅ ሰው ሰርተፍኬት አይደለምና፣ ሳያስመቱ ማደል በሐሳባቸውም አልመጣም።

ሰውዬው በካቴና ከወጡ በኋላ ወረቀቶቹ ማስረጃ ስለሆኑ ይመለሱ ተባለ። ሊዲያ ካቢኔውን ከፍታ ሌላውን ክምር አመጣች።

«የዶክተር ናፍቆት እነዚህ ናቸው፤ ግን ማህተም የላቸውም። ሰኞ...»

ሚራክል የቀናውን መለሰችና እጇን ዘረጋች። «ፊርማው የእሷ ነው አይደል?»

«የእሷ ነው።»

«እንግዲያው አሁን ስጪኝ።»

ከኋላዋ ሰልፉ እንደገና ተሠራ። ሰኞ ይመታልን ያለ አንድም ተማሪ አልነበረም። ሊዲያ እያለቀሰች ታድል ጀመር።

ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ልጅቷን ያዝሻት?» አለች ማህሌት።

«ልጅቷ ቤቷ ትገባለች። ገዳዩን ይዣለሁ፤ ማታ አስረዳሻለሁ።» ብዙወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ማህሌት... እንኳን ደስ ያለሽ።»



«ወር ሙሉ ስጠብቅሽ ነበር፤» አለች ማህሌት።