ሐዲድ በሚቀየርበት ጉድጓድ

ዶን ፍሮይላን በሐዲድ መቀየሪያው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ራሳቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። ዛሞራ አጠገብ ባለው በዚህ መቀየሪያ ከማድሪድ የሚመጣው ፈጣን ባቡር በእርምጃ ፍጥነት ያልፋል፤ ግራና ቀኝ ያሉት መንኮራኩሮቹም ከታች ውሃ እየተረጨባቸው ከአዲሱ ጠባብ ሐዲድ ወደ አሮጌው ሰፊ ሐዲድ እንዲሸጋገሩ እርስ በርስ ይራራቃሉ። ሽማግሌው ቦታው ከተሠራ ጀምሮ ጠባቂው ነበሩ።

ሳጅን ኦብዱሊያ ወርዳ የሟቹን ካፖርት ከፊትም ከኋላም ዳሰሰች። ከዚያ ሦስቱን ሰዎች ጠባቂ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች፦ የባቡሩን ነጂ ብራውሊዮን፣ የሟቹን ልጅ ካሲልዳን፣ ከሽማግሌው ጋር የሚሠራውን ባሏን ኒካኖርን።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ ብራውሊዮ። «ማንንም አላየሁም፤ ግን የነዳሁት እኔ ነኝ።»

«አይደለህም፣ እኔ ነኝ» አለች ካሲልዳ። «ጠዋት አባቴን በስልክ ‹ከትዳሬ ውጣልኝ፣ አልፈልግህም› አልኩት። ይኸው ራሱን ጣለ።»

ጥፋተኛ ነኝ ለማለት እንዲህ የሚሽቀዳደም ተጠርጣሪ ሳጅኗ አይታ አታውቅም።

«ምን አድርገውሽ ነው?»

ካሲልዳ ባሏን አየችና እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ሳጅኗ አጥብቃ አልጠየቀቻትም።

«አንተስ ምን አየህ?»

«ባቡሩ ሲገባ ዘለው ገቡ» አለ ኒካኖር። «ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። በላያቸው አለፈ። እስክትመጡ ማንም አልነካቸውም።»

«ብራውሊዮ፣ ውሃው ይሠራ ነበር?»

«ያለ ውሃማ አይታለፍም። ታች ያለ ሰው እንደ አይጥ ነው የሚበሰብሰው።»

«እንግዲያው ስሙኝ» አለች ሳጅኗ። «ጀርባቸው ርሷል፤ ወለሉ ውሃ ይዟል። ደረታቸው ግን ደረቅ ነው። ባቡሩ በላያቸው ቢያልፍ ደረታቸውም ይርስ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የገቡት ባቡሩ ካለፈ በኋላ ነው። ብራውሊዮ፣ አንተ አልገደልካቸውም። ራሱን ለባቡር የሚሰጥ ሰው ደግሞ ባቡሩ ከሄደ በኋላ አይዘልም። ኒካኖር፣ ያልሆነ ነገር አየሁ አልክ። አዳልጧቸው ቢሆን ‹ወደቁ› ትለኝ ነበር። ውሃውን በየቀኑ ስለምታየው ረሳኸው።»

ኒካኖር አንገቱን ደፋ። «‹ልጄን ሁለተኛ ብትነካት› ብለው መጡብኝ። አንዴ ነው የገፋኋቸው።»

ካሲልዳ ወደ ሳጅኗ ዞረች።

«ስልኩን ከዘጋሁበት በኋላ ነው ስለ እኔ የተናገረው?»

«አዎ ልጄ» አለቻት ሳጅኗ። «ከዚያ በኋላ ነው።»

ያን ጊዜ ካሲልዳ አለቀሰች። አባቷ እንዳልተቀየሟት ገባት፤ ‹ይቅር በለኝ› የምትልበት ጊዜ ግን አልፏል።