«ይደገም» ያለችው ማን ናት?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ይሄኛው ጉድ የሆነው እዚሁ ሆሳዕና ነው። ያውም በቀን... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የሰማሁት ከራሷ ከትርሲት አፍ ነው፤ እሷ ደግሞ ለቀልድ እንኳ መዋሸት አይሆንላትም።

ትርሲት አዲስ አበባ ቫዮሊን ትማራለች። ለክረምት ስትመጣ ከጓደኞቿ ጋር ሆና አንድ ሙዚየም ውስጥ አጫጭር ክላሲካል ኮንሰርት ማቅረብ ጀመረች። የዚያን ቅዳሜ ተራው የእሷ ነበር። ታናሽ እህቷን አዶናይን ይዛት ሄደች። እናታቸው «አደራ፣ እንዳትለያዩ» ብላታለች።

ልትጀምር ስትል የሙዚየሙ ጥበቃ ጋሽ ወንዳፈረው ጠጋ አሏት።

«የኔ ልጅ፣ አንዴ ብቻ ተጫውተሽ ውረጂ። ይደገም የሚል ካለ... እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

«ለምን ጋሼ?»

«እዚህ ቤት ሲደገም ደስ አይለኝም።»

ትርሲት ሳቋ መጣ። መዘምራን መሀል ላደገች ልጅ «ይደገም» ምርቃት ነው! ቸርች ውስጥ ይደገም ተብሎ እምቢ ያለ ዘማሪ ማን አለ?

ተጫወተች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሀል ላይ የአንዲት ሴትዮ ቀይ ጃንጥላ ወደቀ። ከፊት የተቀመጠችው አዶናይ አስነጠሳት። ጨረሰች፤ ተጨበጨበላት።

ከዚያ... ከበስተኋላ፣ አሮጌ ከበሮዎች ከተደረደሩበት ጨለም ያለ ጥግ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ይደገም...»

ደገመችው።

መሀል ላይ ስትደርስ ቀይ ጃንጥላ ወደቀ።

የቅድሙን ግን ማንም አላነሳውም። እዚያው ነው። አሁን መሬት ላይ ሁለት ቀይ ጃንጥላ አለ።

አዶናይ አስነጠሳት። ልክ እዚያችው ቦታ ላይ።

ትርሲት ቀና አለች። ቅድም ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር... አሁን አንድም ክፍት ወንበር የለም።

«ይደገም...»

ኢየሱስ! ቫዮሊኗን ጥላ ከመድረኩ ዘለለች። የአዶናይን እጅ አፈፍ አድርጋ ወደ በሩ ሮጠች።

«ትርስዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ዝም ብለሽ ሩጪ!»

በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ዘለው ገቡ።

«ንዳው ወንድሜ፣ ንዳው!»

ባጃጁ ሲነሳ ትርሲት እህቷን እቅፍ አደረገቻት። እፎይ! ተመስገን ጌታዬ! ሌላው ይቅር፣ እህቷ እጇ ላይ ናት።

ያኔ ከኋላ ጩኸት ሰማች።

ዞራ በኋላኛዋ ላስቲክ መስኮት አየች።

አዶናይ ናት። በዝናብ በስብሳ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ፣ እያለቀሰች ትሮጣለች።

«ትርስዬ! ጥለሽኝ አትሂጂ!»

ትርሲት ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አቁም! አቁምልኝ!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ።

ከጎኗ ያለችው ልጅ የትርሲትን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ፊቷ የአዶናይ ነው። ድምፅዋም የአዶናይ ነው።

«አታቁም» አለችው ሹፌሩን፣ በለሆሳስ። «ንዳው።»

ሹፌሩ በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየ። ከዚያ ትርሲት አጠገብ የተቀመጠችውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ... ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠው።

ትርሲት እጇን ልታስለቅቅ ታገለች። አልቻለችም። ከኋላ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ እህቷ ስሟን እየጠራች እያነሰች ሄደች።