ሦስተኛው ማይክ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቦታው ምድር ቤት ያለ የሙዚቃ ባር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅ የተቆጣጠርኩበት። ስንጀምር ከአስተናጋጆቹ በቀር የሚያጨበጭብልን አልነበረም። በኋላ ግን ሰዉ ደረጃውን ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ይሰለፍ ጀመር።

ያን ሁሉ ሰው ያመጣችው ታናሽ እህቴ ናት። የእሷ ድምፅ።

የምትዘፍንበት፣ ቀይ የከንፈር ቀለሟ የማይለቀው ሦስተኛው ማይክ ይነዝር ነበር። ለባሩ ባለቤት ሦስቴ ነገርኩት።

"ጋሼ፣ ይህን ገመድ ይቀይሩት። ሰው ይገድላል።"

"ይንዘራት እንጂ! ድምጿ የሚያምረው ለዚህ ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ቅዳሜ ዘፈኑ መሃል ላይ ወደቀች።

አልተነሳችም።

"ልቧ ደካማ ነበር" ብሎ አስወራ። ልቧ! ያን ሁሉ ደረጃ በሩጫ የምትወጣ ልጅ! ፖሊስ ሲመጣ ማይኩ ላይ አዲስ ገመድ ተሰክቶ ጠበቀው። በሳምንቱ ሌላ ዘፋኝ አቆመ፣ አፈሯ ሳይደርቅ!

ሰዉ ግን መምጣት አቆመ። ከስምንት ወር በኋላ ቤቱ ተሸጠ። ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን።

"ዕቃውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ና ፍታልኝ" ብሎ ደወለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

እሺ አልኩት። የሄድኩት ያንን አሮጌ ገመድ ፍለጋ ነበር።

የመብራት ቆጣሪው ጠዋት ተነቅሏል። እኔና ሰውዬው በስልካችን ብርሃን ወረድን።

መጀመሪያ ያየሁት... የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት።

ብልጭ... ድርግም... ብልጭ...

ሦስተኛው መስመር ላይ።

እንዲህ የምትለው አንድ ሰው ማይኩን ተጠግቶ ሲተነፍስ ነው።

"ኤሌክትሪኩ ተቆርጦ የለ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ተቆርጧል።"

"ታዲያ ይሄ..."

"ዝም ይበሉ!"

ከስፒከሩ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ምራቅ የመዋጥ ድምፅ። እህቴ ልትዘፍን ስትል እንደዚያ ታደርግ ነበር።

ከዚያ... ቀስ ብሎ...

"ወንድምዬ... ከፍ አድርግልኝ።"

ጣቴ እንደለመደው ሄዶ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ዝጋው!" ሰውዬው ክንዴን ጨመደደኝ። "ዝጋው እባክህ!"

ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው...

"አንተ ዝጋው! ያውልህ ማይኩ! ያዘው! እሷን አስይዘሃት የለ?"

መድረኩ ላይ ወጣ። ሊነቅለው በቀኝ እጁ ጨበጠው።

መብራቷ መብለጭለጭ አቆመች። ሳትጠፋ በራች።

ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወደ ጎኑ ዞሮ፣ ማንም ወደሌለበት፣ እንደሚጠየቅ ሰው ራሱን ይነቀንቅ ጀመር።

"አዎ... ነግሮኛል" አለ። "ሦስቴ ነግሮኛል... ገመዱ... መኪናዬ ውስጥ ነው..."

ያለቀሰው እሱ ነው። እኔ አላለቀስኩም። ጎትቼ አወረድኩትና በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኩት። በእግራችን፣ በዚያ ፀሐይ።

ጣቢያ ሲደርስ ሁሉንም ተናገረ። ገመዱም ከመኪናው ኮፈን ወጣ።

መርማሪው ቃሉን ጽፎ ሲጨርስ እስክሪብቶ ሰጠው።

"እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ቀኝ እጁ አልተዘረጋም። ከመድረኩ ከወረደ ጀምሮ እንደጨበጠ ነው።

"እጅዎን ይክፈቱ።"

"እምቢ አለኝ" አለ።

ሁለት ፖሊሶች ይዘው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው።

የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ቁስልም የለም።

መዳፉ መሃል ላይ የሁለት ከንፈር ቅርጽ ነበር። ቀይ የከንፈር ቀለም።

መርማሪው በጣቱ ነካው...

ገና አልደረቀም።