ወደ ግራ ያጋደለ ስፌት

አውቶቡሱ ከሦስተኛዋ የተራራ ከተማ ወዲያ አልሄድም ብሎ ቆመ። ሹፌሩ መንገዱን የዘጋውን ናዳ በጣቱ አሳየና ሞተሩን አጠፋ። ቦርሳ ሰፊዋ ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ቀን አልነበራትም። የጀርባ ቦርሳዋን ከጣሪያው አስወረደች፤ ሁለቱን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አጠለቀችና በናዳው ጠርዝ መራመድ ጀመረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወዴት ነው?» አለ ባሏ ከኋላዋ። ሃያ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በእግሩ ከቤት እስከ ጋራዥ ካልሆነ ሄዶ አያውቅም።

«የቆመው መኪናው ነው፣ እኔ አልቆምኩም።»

«አገሩን አታውቂ፣ ቋንቋውን አታውቂ…»

«ጫማ አውቃለሁ።»

ወደዚህ ባዕድ አገር ያመጣት ታናሽ ወንድሟ ነው። ግራኝ ነው፤ ሱቋ ውስጥ ሲሠራ ስፌቱ ወደ ግራ ያጋድልባታል። እሷ ደግሞ ያንን ማየት ያንገበግባታል። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት የሰፋውን ተርትራ ወረወረችለት። በማግስቱ አልመጣም። በአራት ዓመት ውስጥ የደረሳቸው አንድ ካርድ ብቻ ነበር፤ በእነዚህ ተራሮች ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ጫማ እሰፋለሁ የሚል። አሁን የእናታቸው ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ከወር በላይ አታይም ብሏል። እናቲቱም «የልጄን ፊት አይቼ ይጥፋ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። በረዶ ከጣለ ደግሞ የላይኛው መንገድ ለወራት ይዘጋል።

አራተኛዋ ከተማ ሲደርሱ ጉም ቤቱን ሁሉ ውጦታል። ቦርሳ ሰፊዋ የሰው ፊት አታይም፤ እግር እግር እያየች ነው የምትሄደው። ዳቦ ቤት ስትገባ ሻጭዋ ፊት በርከክ አለችና ቁርጭምጭሚቷን ያዘች።

«ተይ፣ ፖሊስ ትጠራብሻለች» አለ ባሏ።

«እየው፣ ስፌቱ ወደ ግራ ነው። የሱ እጅ ነው።»

ሻጭዋ ሳቀች። የጫማ መስፋት ምልክት በእጇ አሳየችና ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ጠቆመች።

ወጡ። በረዶው ጠጠር ጠጠር እያለ ፊታቸውን ሲገርፋቸው ቋጥኝ ሥር ተጣበቁ። ተወት ሲያደርጋቸው ደግሞ የከብት ጠባቂ ውሾች ከገደሉ አፋፍ እየተንደረደሩ መጡ፤ ጥጃ ጥጃ የሚያካክሉ አራት ናቸው። እሷ ድንጋይ አነሳች። ባሏ ግን የገዙትን ዳቦ እየቆረሰ ወረወረና ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ አሳለፋት።

«ምሳችን ነበር እኮ።»

«እኛ ምሳ ከምንሆን ይሻላል።»

አምስተኛዋ ከተማ መግቢያ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ያሳየችውን የወንድሟን ፎቶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ሸለቆው የሚወርደውን ሰፊ መንገድ አሳያቸው። ባሏ ቁልቁለት በማግኘቱ ደስ አለው። እሷ ግን መገንጠያው ላይ ቆመች፤ ደስ አላላትም። ከላይ በቀጭኗ መንገድ ሁለት እንጨት ቆራጮች ይወርዳሉ። የአንዱ ቡትስ ክሩ ገና አላደፈም፤ ሰሙ ያበራል። ስፌቱ ወደ ግራ ያጋደለ ነው።

«ዋሽቶናል» አለች። «ደንበኛ ወስዶበት ይሆናላ።»

«ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ ደግሞ ሽቅብ?»

«አንተ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። እያጉረመረመ ተከተላት።

ወንዙ ላይ ሁለት ሳንቃ ብቻ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ውኃው ይጮኻል። አሁን እውነተኛው በረዶ መጣል ጀምሯል። መሐል ላይ እግሯ ተንሸራተተና ወደቀች። ባሏ በደረቱ ሳንቃው ላይ ተዘርግቶ ማንገቻዋን ጨበጠ። የቀኙ፣ ራሷ የሰፋችው፣ ተወጥሮ ተበጠሰ። ግራው ያዘ። እየጎተተ አወጣት፤ ሁለቱም በዳዴ ተሻገሩ።

ማዶ ተቀምጣ ማንገቻውን አገላብጣ አየችው። የግራውን የሰፋው ወንድሟ ነው፣ ሱቁን ከመልቀቁ በፊት። ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ ስትል ጊዜ አጥታ የቀረ።

«ምን አየሽበት?» አላት ባሏ።

«ሂድ፣ ተራመድ።»

የመጨረሻዋ ከተማ አንድ መንገድ ብቻ ናት። ወንድሟ የሚስማርና የገመድ መሸጫ ደረጃ ሥር ወስፌውን በግራ እጁ ይዞ አጎንብሷል። መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«እማዬስ?»

«ታያለች። ለጊዜው። አንተን ልታይ ነው የምትጠብቀው።»

ወስፌውን አስቀመጠ። መሣሪያውን ወደ ሳጥኑ መክተት ሲጀምር ቦርሳዋን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«መጀመሪያ ይቺን ስፋልኝ። ወንዙን ያለሷ አንሻገርም።»

የተበጠሰውን ተመለከተ፤ ቀጥሎ ያልተበጠሰውን። የማን ስፌት የቱ እንደሆነ ለመለየት አንድ እይታ በቃው። ክሩን በሰም ስቦ መርፌው ውስጥ አስገባ።

«ወዴት አጋድዬ ልስፋው?»

«ያልተበጠሰው ወዴት ነው ያጋደለው? እንደዚያው።»

አጠገቡ ቁጭ ብላ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ከተተች፤ እንዳትነካበት። ባሏ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል።

«ፍጠኑ እንጂ፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው።»

«ተወው፣ አታጣድፈው» አለች። «እንደ እጁ ይስፋው።»

ሰፋ። ሦስቱም ሳይመሽ ወረዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ወንድሟ ቦርሳውን ልሸከምልሽ አላት፤ አልሰጠችውም። ሳንቃው ላይ ግን ከፊት አስቀደመችው፤ ግራውንም ቀኙንም ማንገቻ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዱካውን ተከተለች።