በማር የታሸ በሶ

አቶ እንግዳው ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ሥር ካለው ቤቱ፣ የእንጨት መስቀል የሚቀርጽበት ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱን ተናገረ። ከመሞቱ በፊት በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሲለካ፣ ግፊቱ ኪኒን በአፉ ያልዞረ ሰው ግፊት ነበር።

ኢንስፔክተር ወለተ ሩፋኤል የተጠራችው ወንድሙ ጋሻዬ «ሚስቱ መድኃኒቱን እየደበቀች ገደለችው» ብሎ ስለከሰሰ ነው። ሰውም አመነው። ሚስቱ ደመቀች ራሷ ግፊት ሲገኝባት «ለማርያም ጸበል ተስያለሁ፤ ኪኒን አልነካም» ብላ ሐኪም ቤት መርገጥ የተወች ሴት ናት። ምስኪኗ በአንድ ቀን ባሏንም ስሟንም አጣች።

ወለተ ሩፋኤል ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ናት። መጀመሪያ መድኃኒት ሻጩን ጣሃን ጠየቀች። እንግዳው ወር በገባ ቁጥር ሠላሳ ኪኒኑን ቀን ሳያሳልፍ ይወስድ እንደነበር ነገራት። ከዚያ ቤቱን ፈተሸች። ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች ከመቅረጫ መሣሪያዎቹ ሥር ተሸሽገው ነበር። በሞተበት ዕለት ጠዋት በሶ ከታሸባቸው ሁለት ሳህኖች አንዱ በርበሬ፣ ሌላው ማር ይሸታል። በማሩ ሳህን ግርጌ መራራ ነጭ ዱቄት ቀርቷል።

«እትዬ ደመቀች፣ በሶውን የሚያሸው ማን ነበር?»

«እሱ ነዋ። ከፋሲካ ወዲህ እኔን አያስነካኝም። በጾም ከቅዳሴ መልስ፣ ሌላ ጊዜ ጠዋት፣ አሽቶ ያቀርብልኛል።»

«ቀድሞም በማር ይበሉ ነበር?»

«ኧረ የለም። ‹ይመረኛል› ስለው ጊዜ ነው ማር የጨመረልኝ። እሱ ማር አይወድም።»

በማግሥቱ ሁሉንም ከለቅሶው ድንኳን ጓሮ ሰበሰበቻቸው። የጤና ጣቢያው ነርስ አለሜ የደመቀችን ክንድ አስሮ ለካና መቶ ሃያ አምስት መሆኑን ተናገረ። የፋሲካ ሰሞን ካርዷ ላይ የተጻፈው መቶ ዘጠና ነው። ደመቀች አማተበች። ጸበሉ እንደሠራላት ታውቅ ነበር።

«ኪኒኑ በየወሩ ተገዝቷል፣ ማሸጊያውም ባዶ ነው» አለች ወለተ ሩፋኤል። «የአቶ እንግዳው ግፊት ግን አልወረደም። የወረደው የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ዱቄቱ የተገኘው በማሩ ሳህን ነው፤ በማር የሚበሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ባለቤትዎ የራሳቸውን ኪኒን እየፈጩ ያበሉዎት ነበር።»

ጋሻዬ ወንድሙ ለምን ለሁለት እንዳልገዛ ጠየቀ። ጣሃ አንገቱን ደፍቶ፣ ያለ ካርድ እንደማይሸጥና እትዬ ደመቀች ራሳቸው ቀርበው ሳይለኩ ማንም እንደማይጽፍላቸው አስረዳ። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት፤ እንግዳው ከልክ በላይ ቢጠይቅ ወሬው ሳይውል ሳያድር ሚስቱ ጆሮ ይገባ ነበር።

ጋሻዬ ደመቀች እግር ላይ ወድቆ ክሱን ማንሣቱን ተናገረ። እሷ አላየችውም። ወደ ወለተ ሩፋኤል ዞረች።

«ነግሮኝ ቢሆን አልውጠውም ነበር» አለች። «እሱም ያውቀኛል። እንግዲህ እኔው ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ። ውሰጅኝ።»

ሁለቱን እጆቿን አጣምራ ዘረጋች። ወለተ ሩፋኤል እጆቿን ያዘቻቸው፤ አብራትም አለቀሰች።