ከጠርዙ ጋር የተቆረጡ ቀኖች

የምነግራችሁ ስለ ባለቤቴ ነው፤ ግን ከሟች ወንድሙ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። አትፍሩ ልጆቼ፤ እኔ ለሁላችሁም በጊዜው ፈርቼላችኋለሁ።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም። መጽሐፍ መጠረዝ ከአክስቴ ተምሬ በሃያ ሁለት ዓመቴ አንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። የሥራ ክፍሌ ምድር ቤት ነው፤ በጠባቧ መስኮት የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነበር። ኃላፊያችን በአንባቢ አስተያየት አይደራደሩም። በየመጽሐፉ መጨረሻ የተሰመረ ባዶ ወረቀት ያስለጥፋሉ፤ መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ቢያንስ ሁለት መስመር ካልጻፈበት ሌላ አይወስድም። በዚህ የተነሣ ከኋላቸው «ጋሼ ሁለት መስመር» እንላቸዋለን። ያውቁ ነበር፤ ደስም ይላቸው ነበር መሰለኝ።

አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ፣ ስለ ጥንታዊት ግብጽ የተጻፉት አሥራ አንድ መጻሕፍት ረጠቡ። እንደ አዲስ ልጠርዛቸው ወደ እኔ ወረዱ። የአስተያየቱን ወረቀት አብሬ ሰፋሁና የሻገተውን ጠርዝ በመቁረጫ ከረከምኩት። አንባቢዎች ቀን የሚጽፉት ጠርዙ ላይ መሆኑን ልብ አላልኩም። ቀኖቹ ሁሉ ከቁርጥራጩ ጋር ቅርጫት ገቡ።

እሱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ጽሑፉ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። «ጸሐፊው ለንጉሡ መቃብር ሰባ ገጽ ሰጥቶ፣ ድንጋዩን ለጎተቱት ሰዎች አንዲት ገጽ ነፈገ» ይላል። በሌላው መጽሐፍ ደግሞ፦ «አስከሬን ሲያደርቁ አንጎሉን ይጥላሉ፣ ልቡን ግን ከቦታው አይነኩም። እኔንም እንዲሁ ባደረጉኝ።»

ኮላው እስኪደርቅ ደጋግሜ አነበብኩት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከሥሩ «ልብዎን ማን ይጠብቅልዎታል? ጠራዧ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉ አንድ ቅጠሉ፣ ገጹ ማለቴ ነው፣ ተላቅቆ ተመለሰ። በዚያው ቀጥ ባለ ጽሑፍ «ኮላ ያላት ሰው ትጠብቀዋ» ተብሎበታል። ብቻዬን ሳቅሁ።

በዚህ ጀመርን። ሁልጊዜ አንድ ቅጠል ብቻ ይላቀቃል። እኔ የሰፋሁት ቅጠል በራሱ እንደማይላቀቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እየሳቅሁ እሰፋዋለሁ። በአራተኛው መጽሐፍ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» መጣ። በሰባተኛው፣ የጥንት ግብጾች ለሞቱ ዘመዶቻቸው በሸክላ ሳህን ላይ ደብዳቤ ይጽፉ እንደነበር አነበብን። «መልስ የሚያገኙ ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ለዚህች ብቻ ሳይመልስ ቀረ።

መልኩን ማየት ናፈቀኝ። አንድ ቀን መጽሐፉን ይዤ ወጣሁና ጋሼን የማን ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያዋን አስተያየት መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት።

«ይህን ጽሑፍ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። አስተማሪ ነበር። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው» አሉኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ጠረጴዛዬ ላይ ጠዋት የደረሰው መጽሐፍ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። አዲሱ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ትናንት በመስኮትሽ በኩል አለፍኩ። ጫማዬን አየሽው?»

ሁለት ቀን ወደ መስኮቱ ቀና ማለት አቃተኝ። የጫማ ኮቴ ቆም ባለ ቁጥር ጀርባዬን ለመስኮቱ እሰጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ያዳነኝ ሙያዬ ነው። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ዘርግቼ ሳየው፣ ከመስመሮቹ ግማሾቹ መጨረሻ ላይ ፊደላቸው ተቆርጧል፤ የቀሩት ጠርዙ ጋ ሳይደርሱ ይቆማሉ። ያልተቆረጡት እኔ ከከረከምኩ በኋላ የተጻፉ ናቸው። የሟቹን ጽሑፍ አስመስሎ የሚጽፍ ሕያው ሰው አለ ማለት ነው።

ጋሼን መጽሐፉን የሚመልሰው ሰው ሲመጣ ጥሩኝ አልኳቸው። ሐሙስ ጠሩኝ። ጣቶቹ በጭረት የተሞሉ ወጣት ነው፤ በየቤቱ መስኮት መስታወት የሚገጥም ሠራተኛ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

«የምትመልስልኝ አንተ ነህ?»

መሬት መሬት እያየ አዎ አለኝ። እናቱ የወንድሙን ደብተሮች ሣጥን ውስጥ ቆልፋባቸው ቁልፉን ከአንገቷ አታወልቅም። የወንድሙን ጽሑፍ ሊያይ ሲመጣ የእኔን ጥያቄ ከሥሩ አገኘው።

«ሳይመልስልሽ ቢቀር፣ ወንድሜ ዳግመኛ የሚሞት መሰለኝ» አለኝ።

«የወደድኩት ሙቱን ነው ወይስ አንተን? አሁን እኔ በምን ልወቅ?»

«እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። በእሱ ጽሑፍ ካልሆነ ማን ያነበኛል ብዬ።»

ከሳምንት በኋላ እንዲመለስ ነግሬው ወረድኩ። አሥራ አንዱንም መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር ለየሁ። የሟቹ አምስት አስተያየቶች ነበሩ። ቀልቤን መጀመሪያ የሳቡት እነሱ ናቸው፣ አልዋሽም፤ ለአምስቱም አለቀስኩላቸው። ብቻዬን ያሳቀኝ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ ያስባለኝ ግን ሁሉ መቁረጫዬ ያልነካው የታናሽየው ጽሑፍ ነበር።

ሲመለስ እስክሪብቶ ሰጠሁት። «በራስህ ጽሑፍ ጻፍ።»

«የእኔ አስቀያሚ ነው።»

«ሁለት መስመር ነው፤ ሕጉን ታውቃለህ።»

ላብ እስኪያጠምቀው ጻፈ። ፊደሉ ጠማማ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ፦ «መጽሐፉን አልወደድኩትም፤ የሚወደው ወንድሜ ነው። እኔ የምወደው ጠራዧን ነው፤ እሺ ካለች ላግባት።» ጋሼ በትከሻው አሻግረው አነበቡና ስለ መጽሐፉ ብዙም አልተባለም ብለው አጉረመረሙ። ግን ማኅተማቸውን መቱበት።

ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን። ብቻችንን ሆነን አናውቅም። አንዳንድ ምሽት ወሬውን አቋርጦ ወደ በሩ ያዳምጥ ነበር፤ ወንድሙን እንደሆነ አውቃለሁ።

እሱም ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ «ልብዎን» ብዬ የጻፍኩበትን ያንን መጽሐፍ ሰጡኝ። የሦስታችንም ጽሑፍ አለበት፤ ወረቀቱ ሲሞላ ሌላ ቀጠልኩበት። መልስ ይመጣል ብዬ አይደለም፣ አልነፈዝኩም። ግን በወር አንዴ ሁለት መስመር እጽፍለታለሁ፤ ቀኑንም ከጠርዙ ራቅ አድርጌ።