አርባ ሰባት ቁጥር

ስልኳ ለሦስተኛ ጊዜ ሲንቀጠቀጥም ኤልዳና ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። ከዘጠኙ ዙሮች ሰባተኛው ነው። ተጋጣሚው ቡድን አንድ መቺ ብቻ ቀርቶታል፤ እሱን ካወጡት ዙሩ ያልቃል። እሷ የምትደግፋቸው አረንጓዴ ለባሾች በአንድ ነጥብ እየመሩ ናቸው፤ ዛሬ ከተሸነፉ ግን ከጥሎ ማለፉ ይሰናበታሉ። ጉልበቷ ላይ በዘረጋችው ደብተር እያንዳንዱን ውርወራ በነጥብና በሰረዝ ትመዘግባለች። ከመስኮቱ ውጪ በኦስሎ ዳር ያለው የፕሪንስዳል ሰፈር መኪና ማቆሚያ በዝናብ ርሶ ያብረቀርቃል።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበትን ብሬንቦል ስትጫወት ነበር ነገሩ የጣማት፤ የዚህ ጨዋታ ትልቁ የት ነው ያለው ብላ ስትፈልግ ቤዝቦልን አገኘች። ከክፍሏ ልጆች አንድም የሚከታተለው የለም። አብሯት የሚያየው በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አሁን የሚደውለው ወንድሟ ማኑ ነው።

«ማኑ፣ ሰባተኛው ዙር ላይ ነን! አብደሃል እንዴ?» አለች በመጨረሻ አንስታ።

«እኔም እያየሁ ነው። ይሄን ልጅ ያወጡታል፣ አትጨነቂ።»

መቺው ዱላውን አወናጨፈ፤ ሳተ። ኤልዳና አልጋዋ ላይ ዘለለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማኑ ከእሷ በላይ ይጮህ ነበር። ዛሬ ወሬ ቀየረ።

«ኤልዱ፣ አባዬ ለነገ ሰው ጠርቷል የሚባለው እውነት ነው?»

«ጋሽ ገብረመድህንና እትዬ ጽጌ ከጋምለ ኦስሎ ድረስ ይመጣሉ። አባዬ ቫክቱን፣ የሥራ ተራውን ሳይቀር ቀይሯል። ጨዋታህ በቀጥታ ሲተላለፍ የመጀመሪያው እኮ ነው!»

ማኑ ሃያ ዓመቱ ነው። ፕሪንስዳል ሜዳ ላይ እግር ኳስ ሲጫወት የእግሩን ጉልበት ያየ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ወሰደው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦሃዮ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ በመቺነት ተቀበለው። በፉትቦል መቺ ማለት ቡድኑ ሲጨንቀው ገብቶ ኳሷን በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች መካከል የሚያሳልፍ ሰው ነው። የአውቶቡስ ሹፌሩ አባታቸው እንዳሻው የኮሌጁን አርማ ከአውቶቡሱ ቁልፍ ጋር አንጠልጥሎት ይዞራል።

«ነገ አልጫወትም» አለ ማኑ።

«ተጎድተህ ነው?»

«ኔይ፣ አልተጎዳሁም። ከቡድኑ ወጥቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በሁለት ጨዋታ አራት ኳስ ሳትኩ፤ አሰልጣኙ ቢሮው ጠርቶ አመስግኖ አሰናበተኝ፣ በቃ።»

«ባለፈው ቅዳሜ ‹ሁለት አስገባሁ› ብለህ ለአባዬ ነግረኸዋል እኮ።»

«ያልኩትን አውቃለሁ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። በእኔ ቦታ የገባው አርባ ሰባት ቁጥር ነው። ቁመቱ እንደኔ ነው፤ ማሊያችን ላይ ስም አይጻፍም፤ ልጁ ደግሞ እስከ ጣቱ ተሸፍኖ ነው የሚገባው። ሄልሜት ውስጥ ማን ማንን ይለያል? ጨዋታው የሚገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ቁጥሩ ተቀየረለት በያቸው። ለገና በዓል ስመጣ እኔው ራሴ ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ።»

«ሴሪዮስት? የምርህን ነው? ማኑ፣ ይሄ እኮ…»

«በናትሽ። ለአንድ ቀን ብቻ።»

እሺም አላለችው፣ እምቢም አላለችው። አረንጓዴ ለባሾቹ አሸነፉ፤ ሁለት ለሁለት ሆኑ፤ የመለያው ጨዋታ ለቅዳሜ ማታ ተቀጠረ። ኤልዳና ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ሳትመዘግብ ደብተሩን ዘጋችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ይዛ ዋለች። «ማኑ ትንሽ አሞት ዛሬ አይሰለፍም።» ይህም ውሸት ነበር፤ ግን አነስ ያለ ውሸት መሰላት። ወንበር ስትደረድር አለችው፣ ብርጭቆ ስታጥብ አለችው፣ በልቧ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ገብረመድህን ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተመቻችተዋል። ሁለት ደቂቃ እንዳዩ ግራ ገባቸው።

«ኳሱን በእጁ ታቅፎ እየሮጠ እግር ኳስ የሚባለው ምኑ ነው?»

«ጋሼ፣ አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ዕድል አላቸው» አለች ኤልዳና። «ካልቻሉ መቺው ይገባል።»

«መቺው ማለት የኛው?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«የኛው ነዋ!» አለ እንዳሻው። ወንበሩን ከሁሉም ፊት ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቶ፣ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ የሥራ ቀኑ ነው። ማኑ ትንሽ ልጅ ሆኖ ልምምድ የምታደርሰውም፣ በብርድ ቆማ የምትጠብቀውም እናቱ ፀሐይ ነበረች፤ እንዳሻው በዚያ ሰዓት የኦስሎው ማዮርስቱን ላይ በአውቶቡሱ ሰው ያሳፍራል። ልጁ ሲጫወት በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

አንድ ነጭ ማሊያ የለበሰ ቀጭን ልጅ ወደ ሜዳው ብቅ ሲል እንዳሻው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኤልዱ፣ የቱ ነው? ይሄ ነው? ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ አልነበረም እንዴ?»

ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ቀና ብላ የአባቷን ፊት አየች። እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ ሪፖርት ካርዱን የሚጠብቅ ልጅ መስሏል።

«ተቀይሮለታል» አለች። «አርባ ሰባት ቁጥር ነው። እሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ራሱ ሄደ። አርባ ሰባት ቁጥር በገባ ቁጥር ያጨበጭባሉ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ «ደክሞት ይሆን?» ይባባላሉ። ጨዋታው ሊያልቅ አራት ሰከንድ ሲቀረው የማኑ ኮሌጅ በሁለት ነጥብ ተበልጦ ነበር። ሦስት ነጥብ የምታስገኘውን ምት እንዲመታ አርባ ሰባት ቁጥር ተጠራ። እንዳሻው ስልኩን አውጥቶ ቴሌቪዥኑን መቅረጽ ጀመረ። ልጁ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን ተራመደ፤ ሮጦ መታ። ኳሷ እየተሽከረከረች በሁለቱ ብረቶች መካከል አለፈች።

እትዬ ጽጌ እልል አሉ። ጋሽ ገብረመድህን እንዳሻውን አንገቱን አንቀው ሳሙት። እንዳሻው እየሳቀ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርግ ነበር። «አያችሁት? አያችሁት ልጄን?» ይላል ደጋግሞ።

ፀሐይ ብቻ አላጨበጨበችም። ባዶ ሳህኖች ይዛ እንደቆመች ቴሌቪዥኑን ትንሽ አየችና ወደ ኩሽና ገባች። ኤልዳና ተከተለቻት።

«እማዬ?»

ፀሐይ ቧንቧውን ከፈተች፤ ድምፁ እንዲሸፍናቸው መሆኑ ለኤልዳና ገባት።

«ያ ልጅ በቀኝ እግሩ ነው የመታው» አለች እናቷ።

ሁሉን ያሰበው ማኑ፣ ለስንት ነገር መልስ ያዘጋጀው ማኑ፣ ይህን ረስቶታል። ኤልዳናም ረስታዋለች።

«የማኑ የግራ ጫማ ነበር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቀደደው። አሥር ዓመት አሰፍቼዋለሁ። ልጄ ምን ሆኗል?»

ኤልዳና ሁሉንም ነገረቻት። ፀሐይ ሳታቋርጥ ሰማች። ስትጨርስ እጇን በፎጣ አደራረቀች።

«ጤናው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲህ ዛሬ ሰው ፊት አይሆንም» አለች ፀሐይ። «እንግዶቹ ይሂዱ።»

እንግዶቹ ሄዱ፤ ግን በዚያው ምሽት ነገሩ ከቤታቸው ወጣ። እንዳሻው የቀረጸውን ቪዲዮ «የልጄ ጎል» ብሎ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ልኮታል። ከደሴ አክስታቸው እልልታ በድምፅ ልካለች፤ እንዳሻው እየደጋገመ ያዳምጠዋል። ፀሐይ ደስታውን አይታ ልትነግረው አልጨከነችም። ማኑ ጋ ደወለች፤ አላነሳም። ኤልዳና የምትጠብቀው የቤዝቦል መለያ ጨዋታ ማታ አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። ኮምፒውተሩን አልከፈተችውም።

እሁድ ጠዋት ስትነሳ አባቷ መስተዋት ፊት ነጠላውን እያስተካከለ ያንጎራጉራል።

«ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ባለው ትልቁ ቲቪ ልናሳየው ነው» አላት። «ጋሽ ገብረመድህን ገመድ ያመጣሉ። ሕዝቡ ሁሉ ይየው! እዚህ አድገው መንገድ የሳቱ ልጆች ብቻ ነው የሚወራው።»

ኤልዳና ወደ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘጋች። ኦሃዮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ደወለች። አልተነሳም። ደወለች። በአራተኛው የማኑ ድምፅ መጣ።

«ኤልዱ፣ የትናንቱን ቤዝቦል አይተሻል? ካላየሽ አልነግርሽም።»

ጨዋታ ሳታይ ውጤት የነገራት ሰው ሳምንት እንደምታኮርፈው ያውቃል። ወሬውን ወደዚያ ሊወስደው እንደፈለገም እሷ አወቀች።

«ንገረኝ» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ንገረኝና እንጨርሰው።»

«ተሸነፉ። ዘጠነኛው ዙር ላይ።»

ስድስት ወር የተከተለቻቸው ናቸው። ግን ቁጭ ብላ የምታዝንበት ሰዓት አልነበረም።

«እሺ። አሁን ያንተን እናውራ። እማዬ አውቃለች። አባዬ ያን ቪዲዮ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሊያሳየው ነው።»

«ምን አልሽው?»

«ምንም። አንተ ደውልለት። አሁን።»

«አልችልም። ኤልዱ፣ አልችልም። ምን ብዬ? ለገና ስመጣ…»

«እስከ ገና አክስታችን፣ ቄሱ፣ የፕሪንስዳል ሰው ሁሉ የማያውቁትን ልጅ ሲያጨበጭቡለት ሊከርሙ ነው?»

«ቀላል መሰለሽ? አንቺ ምን አለብሽ!»

«እኔም ዋሽቻለሁ እኮ!» ድምፅዋ ከፍ ስላለ ራሷ ደነገጠች። አልጋው ላይ ተቀመጠች። «አባዬ አንተን አልጠየቀም። እኔን ነው የጠየቀኝ። ፊቴን እያየ። የመጀመሪያው ነበር ማኑ፣ ስትጫወት ሲያይህ። እና የማያውቀውን ልጅ አሳየሁት።»

ማኑ አፍንጫውን ሲስብ ይሰማታል፤ እያለቀሰ ይሁን ብርድ ይዞት ለማወቅ አልቻለችም።

«ያንተን አልናገርልህም» አለች ኤልዳና ቀስ ብላ። «ለምን እንደወጣህ፣ ምን እንደተሰማህ፣ እሱን አንተ ትነግረዋለህ። የኔን ግን እነግረዋለሁ። ስልክህን አጠገብህ አድርግ፤ እንዳትተኛ።»

ዘጋችው።

ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ ጫማዋን ስታደርግ አገኘቻት። «እኔ ብነግረው ይሻላል» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «አንቺ ልጅ ነሽ።»

«አንቺ አልዋሸሽውም፣ እማዬ። አምስት ደቂቃ ብቻ ቆይተሽ ውረጂ።»

ፀሐይ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ያሰረችውን የጫማ ክር መልሳ ፈታችው፤ እንደገናም ማሰር ጀመረች፣ ቀስ ብላ።

እንዳሻው መኪናውን አስነስቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ ይጠብቃል። ኤልዳና የእናቷ ቦታ ላይ፣ ከፊት ገባች።

«እናትሽስ?»

«ትወርዳለች። አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው።»

«በዚህ ብርድ? ምን ሆነሻል?»

«ትናንት አርባ ሰባት ቁጥር ማኑ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው» አለች። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጣብቃ ነበር፤ ዓይኗን ግን ከእሱ አላነሳችም። «ቁጥሩ አልተቀየረም። ያ ልጅ ማኑ አይደለም። አውቄ ነው የዋሸሁህ።»

እንዳሻው ሊስቅ ዳዳው፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። እጁ ስልኩ ወዳለበት ኪስ ሄደና እዚያው ቀረ። የዝናብ መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ልጄ የት ነው ያለው?»

«ደህና ነው። እዚያው ኮሌጁ ነው። የቀረውን እሱ ራሱ ይነግርሃል። ነቅቶ እየጠበቀህ ነው።»

ኤልዳና ይቅርታ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ግን ይቅርታውን እሱ ሳይናገር ማስቀደም መሸሽ መሰላት። ቀበቶዋን ፈትታ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች። ቢቆጣም፣ ዝም ቢልም እዚያው እንደምትቀመጥ ወስናለች።

በመጨረሻ እንዳሻው እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ሞተሩ ጠፋ።

«ደውዪለት» አለ።